አምበሉ አገልጋይ ይሁን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ንባብ፦ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ከቁጥር 35 እስከ 45፤ 1ኛ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች ምዕራፍ 12።



ክረምቱ አልፎ፣ መስቀል ተከብሮ፣ ሜዳው ሲደርቅ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በሆለታ የእግር ኳስ ጨዋታ ይደምቃል። ጨዋታው አብቅቶ ተመልካቹ ወደየቤቱ ሲመለስ አንድ አነጋገር በየመንገዱ ይሰማል፤ «ልጆቹ እኮ ችሎታ አላቸው፤ ግን ምን ዋጋ አለው!» ይባላል። የዛሬው ትምህርታችን በዚህች «ግን» በምትባል ትንሽ ቃል ላይ ነው።

ችሎታ ሳይጎድል ውጤት የሚጎድለው ለምንድን ነው? ጥያቄው የኳስ ወዳጆች ብቻ አይደለም። ድምፀ መልካም ልጆች ሞልተውት ሳለ በዓል ሲቃረብ በኩርፊያ የሚበተን የመዝሙር ክፍል አለ። የተማሩ ልጆች ተሰብስበውበት ሳለ አንድ ዓመት የማይሞላው ማኅበር አለ። እያንዳንዱ ወንድም ለብቻው ብርቱ ሆኖ ሳለ በአንድ ላይ ሲሆኑ የሚደክም ቤተ ሰብም አለ። ስለዚህ የኳሱን ነገር ይዘን ስንሄድ የምንናገረው ስለ ራሳችን መሆኑን አንርሳ።

መልሱን አስቀድሞ በአጭሩ መናገር ይሻላል። ስጦታ ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው፤ ፍሬ የሚያፈራው ግን ለወንድም ሲተላለፍ ነው። በማኅበርም ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የራሱን ሊያስተላልፍ የሚገባው መሪው ነው። መሪው ለራሱ የያዘውን ተከታዩ ለሌላው አይለቅምና።

1. በሐዋርያት መካከል የተነሣው ክርክር

የዘብዴዎስ ልጆች ያዕቆብና ዮሐንስ ወደ ጌታችን ቀርበው፣ በክብሩ ጊዜ አንዳቸው በቀኙ አንዳቸው በግራው እንዲቀመጡ ለመኑት። እነዚህ ሁለቱ ተራ ሰዎች አልነበሩም፤ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጋር ወደ ተራራው ወጥተው የጌታን ብርሃነ መለኮት ያዩ ናቸው። ዐሥሩ ይህን በሰሙ ጊዜ በሁለቱ ላይ ተቆጡ። የተቆጡት ከእነርሱ ይልቅ ትሑታን ስለ ሆኑ ነውን? አይመስልም። ቅዱስ ማርቆስ ቀደም ብሎ በምዕራፍ 9 እንደ ጻፈልን፣ በመንገድ ሳሉ ማን እንደሚበልጥ እርስ በርሳቸው ተከራክረው ነበር። ቀኝና ግራ ሁለት ቦታ ነው፤ ሰዎቹ ግን ዐሥራ ሁለት ናቸው። ማኅበርም ሆነ ቡድን የሚፈርሰው በዚህ ሒሳብ ነው።

ጌታችን ሁለቱን አላባረረም፤ ዐሥሩንም አላመሰገነም። ሁሉንም ወደ እርሱ ጠርቶ፣ የአሕዛብ አለቆች ሕዝባቸውን በኃይል እንደሚገዙ፣ በእነርሱ ዘንድ ግን እንዲህ ሊሆን እንደማይገባ፣ ታላቅ መሆን የሚፈልግ አገልጋይ፣ ፊተኛ መሆን የሚፈልግም የሁሉ ባሪያ እንዲሆን አስተማራቸው። ልብ እንበል፤ ታላቅ መሆንን መፈለግ ኃጢአት ነው አላለም። መንገዱን ብቻ ለወጠው። ሰው ሽቅብ የሚፈልገውን ክብር እርሱ ቁልቁል አመለከተው። በጸሎተ ሐሙስ ማታ ወገቡን በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበ ጊዜ ትምህርቱን በሥራ ፈጸመው።

ደግሞም የመረጣቸው ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ እናስተውል። ማቴዎስ ቀራጭ ነበር፤ ስምዖን ደግሞ ቀናተኛ የተባለ ነው። ሕዝቡ ቀራጮችን ለባዕድ መንግሥት ያደሩ አድርጎ ይጠላቸው ነበር፤ ለሕዝባቸው የሚቀኑ ሰዎች ደግሞ ይልቁን። እነዚህ ሁለቱ ወደ አንድ ማዕድ የቀረቡት ጠባያቸው ስለ ተስማማ አይደለም፤ የጠራቸው አንድ ስለ ሆነ ነው።

2. ሁለቱ በሬዎችና የደቦው ባለቤት

በአገራችን በምዕራብ ሸዋ ገበሬ የጤፍ ማሳ ሲያርስ ያላየ የለም። ጉልበተኛ በሬ ከደከመ በሬ ጋር ሲጠመድ ጉልበተኛው በራሱ እርምጃ ልሂድ ካለ ቀንበሩ ይዛነፋል፤ የባልንጀራው አንገት ይላጣል፤ ትልሙም ይጣመማል። በሬው ብርቱ መሆኑ አልቀረም፤ ማሳው ግን አልታረሰም። ታዲያ ገበሬው ብርቱውን በሬ ስለ ብርታቱ አይጠላውም፤ እርምጃውን ያስተምረዋል እንጂ። የአሠልጣኝም ሥራ፣ የመምህርም ሥራ ይህ ነው።

ሁለተኛ ምሳሌ ከዚያው ከማሳው እንውሰድ። በደቦ ቀን ብዙ ሰው ለአጨዳ ወይም ለአረም ይሰበሰባል። የእርሻው ባለቤት በዚያን ቀን ምን ያደርጋል? ጥላ ሥር ተቀምጦ ያዛልን? አያደርገውም። ጠላው እንዳይጎድል፣ ምሳው እንዳይዘገይ፣ የደከመው እንዲያርፍ ከሁሉ ይበልጥ የሚሯሯጠው እርሱ ነው። ሆኖም ማሳው የማን እንደ ሆነ ከደበኞቹ አንድም ሰው አይጠፋውም። ማገልገሉ ባለቤትነቱን አልቀነሰበትም። አገልጋይ መሪ ማለት እንዲህ ያለ ነው።

3. የ1954 ዓ.ም. ዋንጫ

አሁን ወደ አገራችን የኳስ ታሪክ እንምጣ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲደረግ አራት አገሮች ይሳተፋሉ ተብሎ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር በአንድ ማሊያ አሰልፋ ለመምጣት ስላልፈቀደች ከውድድሩ ቀረች። ሦስት አገሮች ቀሩ። በፍጻሜው ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነው። በ1951 ዓ.ም. በካይሮም ግብፅ እንደገና 4 ለ 0 አሸነፈችን። እንግዲህ አንድ ሰው ጨዋታ ሊያሸንፍ እንደሚችል አንካድ፤ እውነቱን ደብቀን የምናስተምረው ትምህርት አይጸናም።

ሦስተኛው ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆነ። ቡድናችንን ይመሩ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። አምበሉ ደግሞ ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባል ነበር፤ የተወለደው በአሥመራ ሲሆን እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ነው። ወንድሙ ኢታሎም ከእርሱ ጋር ተሰልፎ ነበር። ነገሩን በጊዜው ሆነን እናስበው። የኢጣሊያ ወረራ ካበቃ ገና 21 ዓመት መሆኑ ነው። በመርዝ ጋዝ የተቃጠለ ሰው፣ አባቱ የተገደለበት ልጅ በሕይወት ነበር። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያን ቡድን በአምበልነት እየመራ ወደ ሜዳ የሚገባው ሰው ስሙ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ሰው በአባቱ ወገን ቢመዘን ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በፍጻሜው ከዚያችው ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 ካሸነፈችን ከግብፅ ጋር ተገናኘን። ግብፅ ቀድማ አገባች። ግርማ ተክሌ አቻ ሲያደርግ ወዲያው ግብፅ ሁለተኛዋን ጨመረች። ችሎታ ብቻ ያለው፣ መተማመን የሌለው ቡድን የሚፈርሰው እንዲህ ባለው ደቂቃ ነው፤ በረኛው ተከላካዩን ይከሳል፣ አጥቂው እጁን ዘርግቶ ይቆማል። ያን ዕለት ግን እንዲህ አልሆነም። አምበሉ ሉቺያኖ ራሱ አቻ የምታደርገውን ግብ አገባ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አክለው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ሉቺያኖም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

በካርቱም አራት ግብ በአንድ ሰው ገባብን፤ በአዲስ አበባ አራት ግብ በአራት ሰዎች አገባን። ሁለቱም አራት ነው። ነገር ግን በአንድ ሰው ላይ የቆመ ኃይል ያ ሰው ሲታመም አብሮ ይታመማል፤ በብዙዎች ላይ የቆመው ግን አንዱ ሲደክም ሌላው ያነሣዋል። አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ለዚህ ነው።

ይድነቃቸው ከዚያ በኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። በዚያ ሥልጣን ላይ ሳሉ የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ አጥብቀው ተቃውመዋል። ወንድሙን በቆዳው ምክንያት ከማሊያው የሚያስወጣ ቡድን ቡድን አይደለም ማለታቸው ነው።

4. ከዚያ ወዲህስ?

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችን እናውቀዋለን። በ1960 ዓ.ም. አስተናግደን አራተኛ ሆንን፤ በ1968 ዓ.ም. አስተናግደን ከምድባችን ሳናልፍ ቀረን። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ከተሳተፍን በኋላ ወደ ዋንጫው ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀብን። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በየመንደሩ ባለ ችሎታ ልጅ ጠፍቶ አያውቅም።

በክለብም በኩል የኢትዮጵያ ቡናን እናስታውስ። በቅብብሉ ውበትና በደጋፊው ብዛት ስሙ የተጠራ ክለብ ነው። ሆኖም የፕሪሚየር ሊጉ ውድድር በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እስከ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ ዋንጫውን ያነሣው አንድ ጊዜ፣ በ2003 ዓ.ም. ብቻ ነው። ይህን የምናነሣው ክለቡን ለመውቀስ አይደለም፤ ገንዘብም፣ አስተዳደርም፣ የተቃራኒ ብርታትም የራሱ ድርሻ አለው። ደግሞም በየዓመቱ ዋንጫ ሳያዩ ስታዲየሙን የሚሞሉት ደጋፊዎቹ ስለ ፍቅርና ስለ ትዕግሥት ከኛ ይልቅ ያውቃሉ። የምናነሣው ለዚህ ብቻ ነው፤ ውበትና ውጤት መንታ ወንድማማቾች አይደሉም፤ በመካከላቸው ረጅም መንገድ አለ፤ መንገዱም በችሎታ ብቻ አይዘለቅም።

5. ከዛምቢያ የምንማረው

ከጎረቤት አፍሪካ አንድ ታሪክ እንጨምር። በሚያዝያ ወር 1985 ዓ.ም. የዛምቢያ ብሔራዊ ቡድን የተሳፈረበት አውሮፕላን በጋቦን ዋና ከተማ በሊብረቪል አጠገብ ባሕር ውስጥ ወድቆ 18 ተጫዋቾች አለቁ። ከ19 ዓመት በኋላ በየካቲት 2004 ዓ.ም. ዛምቢያ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የቀረበችው በዚያችው በሊብረቪል ነበር። ተጫዋቾቹ ከጨዋታው አስቀድመው ወደ ባሕሩ ዳር ሄደው ለሞቱት ወንድሞቻቸው አበባ አኖሩ። ተቃራኒያቸው ኮት ዲቯር ነበረች፤ እነ ድሮግባንና ያያ ቱሬን የያዘች፣ በስም ብንመዝን ወደር የሌላት ቡድን። ጨዋታው ያለ ግብ አልቆ ዛምቢያ በፍጹም ቅጣት ምት 8 ለ 7 አሸነፈች።

በዚያ ጨዋታ ጆሴፍ ሙሶንዳ የተባለ የዛምቢያ ተከላካይ ገና በመጀመሪያው ተጎድቶ እያለቀሰ ከሜዳ ወጥቶ ነበር። ድሉ ሲታወጅ ጓደኞቹ ሲጨፍሩ እርሱ መራመድ አልቻለም። አሠልጣኙ ኤርቬ ሬናር ግን ወደ እርሱ ሄዶ ተሸክሞት ደስታው ካለበት ቦታ አደረሰው። ቅዱስ ጳውሎስ ደካማ የሚመስሉት ብልቶች ይልቁን የሚያስፈልጉ መሆናቸውን፣ አንዱ ብልት ሲሠቃይ ሁሉም አብሮ እንደሚሠቃይ፣ አንዱም ሲከበር ሁሉም ደስ እንደሚለው ያስተማረው ይህን ነው። በደስታ ሰዓት የተጎዳውን ያስታወሰ መሪ በችግር ሰዓት ቢያዝዝ ይሰማል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ማለት ዋንጫውን ባነሣን በ51ኛው ዓመት በዚያው ቀን፣ የኛ ልጆች ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው በደቡብ አፍሪካ ከዚህችው ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር ተጫወቱ። ያገኙት ፍጹም ቅጣት ምት ከሸፈ። ግብ ጠባቂያቸው በቀይ ካርድ ወጣ። ተጠባባቂው ግብ ጠባቂ እንዲገባ አንድ የሜዳ ተጫዋች ቦታውን መልቀቅ ነበረበት፤ ለቀቀ። ግብም ገባባቸው። ሆኖም በዐሥር ሰው ሆነው አዳነ ግርማ አቻ አደረገና 1 ለ 1 ወጡ። ከዚያ በኋላ በቡርኪናፋሶና በናይጄሪያ ተሸንፈው ተመለሱ፤ አንድነት ሁልጊዜ ዋንጫ ያስገኛል ብለን አንዋሽም። ነገር ግን በዚያች ቀን ለባልንጀራው ሲል ሳያጉረመርም ከሜዳ የወጣውና ሳይጠብቅ የተጠራው ተጠባባቂ ያደረጉት አገልግሎት ግብ ካገባው አያንስም።

6. ሦስቱ ነጥቦች

በዚያው ዓመት የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ይህኛው ለመሪዎችና ለኮሚቴ አባሎች ይሁን። ቡድናችን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ነገር ግን በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ የማይገባው አንድ ተጫዋች ተሰልፎ ኖሮ፣ ፊፋ ውጤቱን ለቦትስዋና 3 ለ 0 አድርጎ ሦስቱን ነጥብ ወሰደብን። ይህ የእግር ድካም አይደለም፤ የልብ ድካምም አይደለም። አንድ ወረቀት በጊዜው ተነብቦ ቢሆን ኖሮ የሚቀር ነገር ነበር።

ወንድሞቼ፤ በማኅበር ውስጥ ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ አለ። ካርድ የሚቆጥር፣ ስም የሚመዘግብ፣ ማሊያ የሚያጥብ፣ ኳስ የሚነፋ፣ የመዝሙር ደብተር የሚገለብጥ፣ ከጉባኤ በኋላ ወንበር የሚሰበስብ አለ። ሁላችን ግብ አግቢ መሆን ከፈለግን ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል? ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 በጥቂት የታመነ በብዙ እንደሚታመን ሲያስተምር እንዲህ ያለውንም ሥራ ማለቱ ነው። የዐሥራ አንድ ሰው ላብ በአንድ ያልተነበበ ወረቀት ሊፈስ ይችላልና ትንሹን አገልግሎት አንናቅ።

ተጫዋቾቹ ግን በዚህ ጊዜ አልተበተኑም። ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክን 2 ለ 1 አሸንፈው ነጥቡ ተወስዶባቸውም ምድባቸውን በአንደኝነት ጨረሱ። በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ ተሸንፈው ከዓለም ዋንጫው ቢቀሩም፣ የሌላው ጥፋት የራሳቸውን ግዴታ እንዲተዉ አላደረጋቸውም። ስንቶቻችን ነን ኮሚቴው አጠፋ ብለን አገልግሎታችንን የምንተው?

7. «እኔ ካላሳየሁ ማን ያየኛል?»

እዚህ ላይ አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። «እኔ የድሃ ልጅ ነኝ። ኳስ ጨዋታዬ ብቻ አይደለም፤ እንጀራዬም ሊሆን ይችላል። ሜዳ ዳር ተጫዋች የሚመለምል ሰው ቆሞ ሳለ ኳሷን ለጓደኛዬ ባቀብል የሚታየው እርሱ ነው። እኔ ካላሳየሁ ማን ያየኛል?» ይህ ጥያቄ በስንፍና የተነሣ አይደለምና በተግሣጽ ብቻ ልናልፈው አይገባም።

አንደኛ፤ መታየት መፈለግ በራሱ ኃጢአት አይደለም። መክሊቱን በመሬት የቀበረው አገልጋይ እንደ ተወቀሰ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ተጽፏል። ግብ ፊት ደርሶ መምታት ሲገባው «ትሑት ልሁን» ብሎ ለተሸፈነ ጓደኛው የሚያቀብል ሰውም ቡድኑን ይጎዳል። መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ግብ ባይመታ ኖሮ ትሕትና ሳይሆን ጥፋት ይሆን ነበር። እንግዲህ ጥያቄው «ልምታ ወይስ ላቀብል» አይደለም፤ «የማደርገው ለማን ነው» የሚል ነው። ለቡድኑ የተመታ ኳስ ማቀበል ነው፤ ለጭብጨባ የተቀበለ ኳስ ግን ስስት ነው።

ሁለተኛ፤ ዐዋቂ መልማይ የሚፈልገው በአብዶ ሦስት ሰው አልፎ ኳሷን ለአራተኛው የሚያስረክበውን አይደለም። ከሌሎች ዐሥር ሰዎች ጋር መኖር የሚችለውን ነው። አምቦ ውሃ ክዳኑ ሳይከደን ቢያድር ጠዋት ምን ይሆናል? ውሃው አለ፣ ማዕድኑም አለ፣ ጋዙ ግን የለም። ያለ ሥርዓትና ያለ ፍቅር የተተወ ችሎታም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ቀን ይፍለቀለቃል፣ በማግሥቱ ግን የሚጠጣው የለም።

ሦስተኛ፤ ለመሪዎች የሚነገር ከባድ ነገር አለ። «ቡድኑ ይቅደም» የሚለው ቃል በክፉ መሪ አፍ ውስጥ ወጥመድ ይሆናል። ተጫዋቹ ለቡድኑ ሲባል እንዲጾም እየጠየቀ እርሱ አስቀድሞ የሚበላ፣ ስናሸንፍ «እኔ» ስንሸነፍ «እናንተ» የሚል፣ ቦታ ለዘመዱ የሚሰጥ መሪ ይህን ቃል ሊናገር አይገባውም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 በጎቹን ሳይሆን ራሳቸውን የሚያሰማሩ እረኞችን የገሠጸው እንዲህ ያሉትን ነው። ከተከታይ መሥዋዕትነት የሚጠየቀው መሪው ከከፈለ በኋላ ነው። ጌታችን ሂዱና የሌላውን እግር እጠቡ ያለው የእነርሱን እግር ካጠበ በኋላ መሆኑን አንርሳ።

8. ለኛ የተሰጠ ምክር

በሜዳም ሆነ በሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፤ ከላይ የተነገረው በቃል ብቻ እንዳይቀር እነዚህን እንያዝ።

ሀ. አምበል የሆንህ ሆይ፤ ለተሳሳተው አስቀድመህ ድረስለት። ጓደኛህ ኳስ ሲያመልጠው ዓይኑ አስቀድሞ የሚፈልገው አንተን ነው። በዚያች ቅጽበት ፊትህ የምታሳየው ቁጣ ወይም ርኅራኄ የቀረውን ጨዋታ ይወስናል።

ለ. ባለ ታላቅ ስጦታ የሆንህ ሆይ፤ ከልምምድ አትቅር። ብርቱው ሲቀር ደካማው መቅረትን ይማራል። ሕግ ለደካሞች ብቻ የወጣ ሲመስል ማኅበር በዚያን ቀን ፈርሷል።

ሐ. በተጠባባቂነት የተቀመጥህ ሆይ፤ ልብህ ከሜዳው አይውጣ። ጓደኛህ እንዲሳሳት እየተመኘህ የምትጠብቀው ተራ ቢደርስህም በረከት የለውም። ሲጠሩህ ዝግጁ ሁን።

መ. ደጋፊ የሆናችሁ ሆይ፤ አንዱን በስሙ እያነሣችሁ ሌላውን አትስደቡ። በኛ ሜዳ ኳስ በኦሮምኛም በአማርኛም ትጠራለች፤ በየትኛውም ቋንቋ ብትጠራ የምትገባው በአንድ መረብ ነው። ልጆቹ በአንድ ማሊያ አንድ ሆነው ሳለ እኛ ከሜዳው ዳር ሆነን በአባታቸው ወገን አንከፋፍላቸው። የ1954ቱ አምበል ማን እንደ ነበረ እናስታውስ።

ሠ. መዘምራን ሆይ፤ በዝማሬ መሪ አለ፣ ተቀባይም አለ። መሪው አንሥቶ ዝም የሚልበት ጊዜ ባይኖር ተቀባዩ መቼ ይቀበላል? ከበሮው ከድምፁ በላይ ከጮኸ፣ አንድ ድምፅም ከሁሉ በላይ ካልተሰማሁ ካለ፣ ሕዝቡ የሚሰማው ሰውዬውን ነው እንጂ ምስጋናውን አይደለም።

የተወደዳችሁ፤ እግዚአብሔር ለአምቦና ለአካባቢዋ ልጆች ስጦታን አልነፈገም። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ማናቸውም ቡድናችንና ማኅበራችን «ችሎታ አላቸው» ሲባል፣ ከዚያ በኋላ የምትመጣዋ «ግን» የምትባለዋ ቃል እንድትቀር ማድረግ የኛ ፈንታ ነው። የምትቀረውም ማን በቀኝ ማን በግራ ይቀመጥ የሚለውን ክርክር ትተን፣ ማበሻውን ጨርቅ ማን አስቀድሞ ያንሣ በሚለው የተሽቀዳደምን ጊዜ ነው።

የደቀ መዛሙርቱን እግር ዝቅ ብሎ ያጠበ አምላካችን ለመሪዎቻችን የአገልጋይ ልብ፣ ለወጣቶቻችን የአንድነት መንፈስ ይስጥልን። የተሰጠንን ስጦታ ሳንቀብር፣ ለብቻችንም ሳንይዝ ለወንድሞቻችን የምናካፍል ያድርገን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳኑ ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።